የአዱሊስን የግሪክኛ ጽሑፍ በዲጂታል እትም ለማውጣት ከየት ልጀምር?

ዙላ_ወደብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሥራዬ ባክኤንድ ነው፤ ከድረ ገጽ ጀርባ ያለውን ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ ባብዛኛው በፓይተንና ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ። ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር በትርፍ ሰዓታችን የአዱሊስን የግሪክኛ ጽሑፎች በደንብ የተዘጋጀ ዲጂታል እትም አድርገን ለማውጣት ተነስተናል። ከመሀላችን ግሪክኛ የተማሩ አሉ። ኮዱ ግን የኔ ድርሻ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አዱሊስ የአክሱም መንግሥት የባሕር በር ነበረች። ዛሬ ፍርስራሿ ኤርትራ ውስጥ፣ ዙላ አጠገብ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ወደዚያ መጣ። አፄ ካሌብ በሒምያር ላይ ሊዘምቱ በሚዘጋጁበት ሰሞን ነው። ንጉሡ "እዚያ ድንጋይ ላይ የተጻፈውን የግሪክኛ ጽሑፍ አስገልብጠህ ላክልኝ" ብለው ለአዱሊስ ገዢ ጻፉ። ገዢውም ኮስማስንና ሜናስ የሚባል ሌላ ነጋዴን ጠርቶ አዘዛቸው። ገለበጡ። አንዱን ቅጂ ለገዢው ሰጡ፣ አንዱን ለራሳቸው አስቀሩ። ኮስማስ ያንን ቅጂ ከዓመታት በኋላ ክርስቲያናዊ መልክዓ ምድር በተባለው ሥራው 2ኛ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። ድንጋዮቹ ጠፍተዋል። ያለን ይኸው የኮስማስ ቅጂ ነው፤ እሱም በሦስት ብራናዎች በኩል የደረሰን። አንዱ የቫቲካን ነው፣ የ9ኛው ክፍለ ዘመን። ሁለቱ የ11ኛው ናቸው፤ አንዱ ሲና ደብረ ቅድስት ካትሪና፣ ሌላው ፍሎረንስ ይገኛል።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ለቃላት፣ አንድ ለንባብ ልዩነቶች፣ አንድ ለብራናዎቹ። ከላይ ሪአክት በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቆንጆ ገጽ። ግሪክኛ የሚያውቁት ወዳጆቼ ግን "ቲኢአይ ኤክስኤምኤል ካልሆነ አንነካውም" ብለው ድርቅ አሉ፤ ምሁራን ጽሑፍን በምልክት የሚያስቀምጡበት ሥርዓት ነው። ኤክስኤምኤል ከተውኩት ቆየሁ። እውነት የግድ ነው? ወይስ ልማድ ነው?

ሰርቨር_ጠባቂ፦

እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ጽሑፉ ትንሽ ነው፤ ሁለት ገጽ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ኤክስኤምኤል ውስጥ መግባት ምን ያስፈልጋል? ፖስትግሬስ ፍለጋ አለው፣ ጄሰን ይይዛል፣ ባክአፑ ቀላል ነው። ግሪክኛ አዋቂዎቹ የሚሞሉት ቀላል ፎርም ሥራላቸውና ጨርስ። መሣሪያውን መምረጥ ያለበት የሚሠራበት ሰው ነው።

እትዬ_ብራና፦

ሰላም ልጆች። እኔ ፓፒረስ ክፍል ውስጥ የምሠራ የቋንቋ ሰው ነኝ፤ ፕሮግራመር አይደለሁም። ግን ይህን ክርክር ከሁለቱም ወገን ስለማውቀው ትንሽ ላስረዝም።

ቲኢአይን እንደ ፋይል ፎርማት ብቻ አትዩት። ውይይቱ የተጀመረው በ1987 ነው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ፖኪፕሲ ላይ ምሁራን ተሰብስበው "ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አዲስ ምልክት እየፈጠርን መኖር ይብቃ" አሉ። ዛሬ የምንጠቀምበት ፒ5 የሚባለው ከ2007 ጀምሮ ያለው ነው። ለድንጋይ ጽሑፍና ለፓፒረስ ደግሞ ኤፒዶክ የሚባል ከዚያው የተቀዳ ልማድ አለ። ኤፒዶክ ከሜዳ አልተነሳም። የፓፒረስና የድንጋይ ጽሑፍ ምሁራን በ1931 ላይደን ላይ የተስማሙባቸውን ምልክቶች ነው ኮምፒውተር እንዲገባው ያደረገው። በላይደን ሥርዓት የጠፋውን አዘጋጁ ሲሞላው በአራት ማዕዘን ቅንፍ ያስገባዋል። በግማሽ የሚታይ ፊደል ሥር ነጥብ ያኖራል። አንባቢው በዓይኑ ያየዋል። ኮምፒውተሩ ግን ቅንፉን እንደ ተራ ምልክት ነው የሚያየው። ኤፒዶክ "ይህ ተሞልቷል፣ ምክንያቱም ስለጠፋ፣ የሞላው እገሌ ነው" ብሎ ይጽፍለታል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ፓፒረስ ላይ አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር ተማሪ አስቡ። ፍለጋው የሚያመጣለት ውጤት ውስጥ ገሚሱ አዘጋጆች በግምት የሞሉት ቢሆንስ? የጥንት ሰው ቋንቋ መስሎት የኛን ዘመን ሰው ግምት ነው የቆጠረው። ፓፒሪ ዶት ኢንፎ በሚባለው የፓፒረስ ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ ከሥሩ ያለው ፋይል የተሞላውንና በዓይን የታየውን ለይቶ ያስቀምጣል። ለዚህ ነው ከዚያ የሚወጣ ቁጥር ተመልሶ ሊጣራ የሚችለው።

ዙላ_ወደብ ወንድሜ፣ ያንተ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህም የባሰ ውስብስብ ነው። ትንሽ ስለሆነ ቀላል አይምሰልህ። ኮስማስ ያየው ሁለት ነገር ነው። አንድ ነጭ እብነ በረድ ዙፋን፣ ከኋላው ደግሞ ጥቁር የባዝልት ሐውልት። ሐውልቱ ከታች ተሰብሯል። በሐውልቱ ላይ ያለው የግብፁ ንጉሥ የሣልሳዊ በጥሊሞስ ጽሑፍ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን። በዙፋኑ ላይ ያለው ግን የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ስሙ ጠፍቷል። ኮስማስ ሁለቱን አንድ ተከታታይ ጽሑፍ አድርጎ ነው ያነበባቸው። የሐውልቱ መጨረሻ ጎድሏል፣ የዙፋኑ መጀመሪያ ስም የለውም፤ ስለዚህ ዙፋኑ የሐውልቱ ቀጣይ መሰለው። በዚህ የተነሳ የአክሱሙ ንጉሥ ዘመቻዎች፣ ጋዜ፣ አጋሜ፣ ከዓባይ ማዶ በረዶ ያለባት ሳሜኔ፣ ሁሉም ለበጥሊሞስ ተቆጠሩ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አክሱም ሄዶ የኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ካየ በኋላ ነው ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች መሆናቸውን ያሳየው።

እንግዲህ የቃላት ሠንጠረዥህ ውስጥ "ሳሜኔ" ስትገባ ተናጋሪው ማን ተብሎ ይመዘገባል? የአክሱሙ ንጉሥ? በጥሊሞስ፣ ኮስማስ እንዳለው? ወይስ ኮስማስ ራሱ? ወይስ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ? ሁሉም እውነት ናቸው፤ ግን በተለያየ ደረጃ። እትምህ ይህንን ካላሳየ ቆንጆ ገጽ ቢኖረውም እትም አይባልም።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

እትዬ፣ ለማብራሪያው አመሰግናለሁ፤ በጣም ግሩም ነው። ግን የተናገሩት ሁሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል እኮ። "ተናጋሪ" የሚል አምድ፣ "ደረጃ" የሚል አምድ። ኤክስኤምኤል ምን የተለየ ነገር ይሰጠናል?

እትዬ_ብራና፦

ይገባል፣ አልካድኩም። ልዩነቱ ሠንጠረዡን ከነትርጉሙ የሚያውቀው አንተ ብቻ መሆንህ ነው። ፐርሲየስን እንደ ምሳሌ ውሰድ። ዛሬ ቦስተን አጠገብ ባለው ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የግሪክኛ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ነው። ዕቅዱ የተጀመረው በ1985 ነው። በ1992 የወጣው የመጀመሪያው እትም ለማኪንቶሽ የተሠራ ሲዲ ነበር፤ ሃይፐርካርድ በሚባል ፕሮግራም። በ1995 ወደ ድረ ገጽ ገባ። ከዚያ በኋላም ሶፍትዌሩ ተቀያየረ። ዛሬ ሃይፐርካርድን የሚከፍት ኮምፒውተር ከየት ይመጣል? ጽሑፎቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ጊትሀብ ከሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ማንም ያወርዳቸዋል። የኖሩት ከመጀመሪያው ከፕሮግራሙ ተለይተው፣ በኤስጂኤምኤል ምልክት ተደርጎባቸው ስለተቀመጡ ነው። ኤስጂኤምኤል የኤክስኤምኤል አባት ነው፤ ማሸጋገሩ ተቻለ።

ያንተ ሪአክት ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንደሚሆን እንጃ። የአዱሊስ ጽሑፍ ግን ከበጥሊሞስ እስከዛሬ 2200 ዓመት ገደማ ተጉዟል። ፋይሉ ከሶፍትዌሩ ዕድሜ በላይ እንዲኖር ነው የምለምናችሁ።

ዙላ_ወደብ፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ አሳምኖኛል። ዋናው ቲኢአይ ፋይል ይሁን። ዳታቤዙ ካስፈለገ ከፋይሉ ይፈጠራል፤ ቢጠፋም እንደገና ይሠራል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ኤፒዶክን ማንበብ ጀመርኩ። የሐውልቱ ታች ስለተሰበረ "ጋፕ" የሚለውን ምልክት፣ ምክንያቱ "የጠፋ" ብዬ አስገባሁ። ልክ ነው?

እትዬ_ብራና፦

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ የሥራህ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው ያለው።

"ጋፕ" ማለት የምትገለብጠው ነገር ላይ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። አንተ የምትገለብጠው ምንድን ነው? የቫቲካኑን ብራና። ብራናው ላይ ቀዳዳ አለ? የለም። ጽሑፉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የተሰበረው ድንጋዩ ነው። ድንጋዩን ደግሞ አንተ አላየኸውም፣ እኔም አላየሁትም። ያየው ኮስማስ ነው፤ እሱም "ትንሽ ነው የጠፋው" ብሎ አለፈው።

ስለዚህ ሁለት ፋይል አዘጋጅ። አንደኛው ኮስማስ የጻፈው ነው፤ ሦስቱ ብራናዎች ምስክሮቹ ናቸው፣ ልዩነታቸው በአፓራተስ፣ ማለትም በንባብ ልዩነቶች ዝርዝር፣ ይገባል። እዚህ "ጋፕ" የለም፤ ብራናው ራሱ ከተበላሸ በቀር። ሁለተኛው ድንጋዮቹ ላይ ነበረ ተብሎ የሚገመተው ነው። እዚህ ሐውልቱ አንድ ጽሑፍ፣ ዙፋኑ ሌላ ጽሑፍ ይሆናሉ፤ በመሀላቸውም የሐውልቱ መጨረሻና የዙፋኑ መጀመሪያ እንደጠፋ ይመዘገባል። ሁለተኛው ፋይል ከአንደኛው የወጣ ግምት እንጂ ምስክር አይደለም። የፋይሉ ራስጌ ላይ ይህንን በግልጽ ጻፈው፤ ግምቱ የማን እንደሆነም ጨምር።

አንድ ሌላ ነገር። ኤፒዶክ የድንጋዩን መስመሮች እንድትቆጥር ይጠብቅብሃል። የዚህ ድንጋይ መስመር የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። በኅትመት ያሉት የመስመር ቁጥሮች የአታሚዎቹ ናቸው። የድንጋይ መስመር አድርገህ አታስገባቸው፤ የዚያ ኅትመት ቁጥር መሆናቸውን ጽፈህ አኑራቸው።

የግዕዝ_ደቀመዝሙር፦

እትዬ ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር መጣብኝ። ክርስቲያናዊ መልክዓ ምድር ውስጥ ከዋናው ጽሑፍ ውጭ የሚቀመጡ ማብራሪያዎች አሉ። ብራናዎቹ ላይ የዙፋኑና የሐውልቱ ሥዕልም አለ። እነዚህስ የት ይገባሉ?

እትዬ_ብራና፦

መልካም ጥያቄ ነው። ማብራሪያው የንጉሡ ቃል አይደለም፤ የኮስማስ ፋይል ውስጥ "ማስታወሻ" ተብሎ፣ ከሚያብራራው ቃል ጋር ተገናኝቶ ይቀመጥ። ድንጋዩን የሚወክለው ፋይል ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ሥዕሉን ከገጹ ፎቶ ጋር አያይዙት። የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ብዙ ብራናዎችን በኢንተርኔት አውጥቷል፤ ትሪፕል-አይ-ኤፍ በሚባለው ሥርዓት የፎቶውን አንድ ክፍል ብቻ ቆርጦ መጥቀስ ይቻላል።

ሆሜር መልቲቴክስትን እዩት፤ በዚህ ረገድ እኔ የማከብረው ሥራ ነው። ቬኒስ የሚገኘውን ቬኔቱስ ኤ የሚባለውን የ10ኛው ክፍለ ዘመን የኢሊያድ ብራና በ2007 ፎቶ አነሱት። ዳርና ዳሩ በጥንት ሊቃውንት ማብራሪያ የተሞላ ነው። እያንዳንዱን ማብራሪያ ከግጥሙ መስመር ጋርም፣ ፎቶው ላይ ካለበት ቦታ ጋርም አገናኙት። ብራናዎቹን ጨፍልቀው አንድ "ትክክለኛ" ኢሊያድ ለመሥራትም አልቸኮሉም። እያንዳንዱ ብራና በራሱ እንዲነበብ ነው ያደረጉት።

ፊደል_ቆጣሪ፦

ሰላም። ስለ አወቃቀሩ እትዬ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ፊደሉ ልናገር፤ ፕሮግራመር የሚቸገረው እዚህ ነውና።

የሐውልቱ ጽሑፍ የሚጀምረው "ባሲሌውስ ሜጋስ" ብሎ ነው፤ ታላቁ ንጉሥ። ሁለቱን ቃላት ብቻ ተመልከቱ።

"ባሲሌውስ" መጨረሻው ላይ ጭረት አለው። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ጭረቱ ወደ ቀኝ የሚወጣ ነው። ሌላ ቃል ሲከተለው ግን ወደ ታች የሚወርድ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ነው። አንባቢው ያንን ገልብጦ ይፈልጋል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነው። ውጤት፦ ባዶ።

"ሜጋስ" የባሰ ነው። በመጀመሪያው አናባቢ ላይ ያለው ጭረት ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ማለት ነው፣ ሁለት ቦታ አለው። አንዱ ለዘመናዊ ግሪክኛ በተሰጠው ክፍል፣ ሌላው ለጥንቱ በተጨመረው። ስክሪን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ዩኒኮድ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ደንግጓል፤ ኤንኤፍሲ የሚባለውን ማስተካከያ ስታስኬድ ሁሉም ወደ ዘመናዊው ይሄዳሉ። ካላስኬድክ፣ አንዱ ባልደረባህ በአንድ ኪቦርድ፣ ሌላው በሌላ ይጽፋል፤ ፍለጋህም ይበላሻል፤ ለምን እንደተበላሸ ደግሞ በዓይን አይታይም።

የዙፋኑ ጽሑፍ የሚጀምርበት "ሜት ሃ" ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። በሁለቱ መሀል የተዋጠ አናባቢን የሚያሳይ ጭረት አለ። ሰው ይህን በሦስት በአራት ዓይነት ምልክት ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ የጥቅስ መዝጊያን ይጠቀማል። የጥቅስ መዝጊያ ለፕሮግራሙ ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ ቃሉን ከዚያ ይቆርጠዋል። አንዱን ምረጡ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ስክሪፕት ይከልክል።

የኔ ምክር ይኸው፦ እያንዳንዱ ቃል ሁለት መልክ ይኑረው። አንዱ የሚታየው፣ ከነጭረቱ። አንዱ የሚፈለገው፣ ጭረት ሁሉ የተነሳለት፣ በትንሽ ፊደል፣ የመጨረሻዋ ሲግማም ከመሀለኛዋ ጋር አንድ የተደረገች። ሁለተኛውን ሰው አይጻፈው፤ ስክሪፕት ያውጣው። በፓይተን ዩኒኮድዴታ ጥቂት መስመር ነው።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ይህ እኛ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ላይ ያየነው ጣጣ ነው እኮ። ፎንቱ ከሌለ ፋይሉ ዝብርቅርቅ ይላል።

ፊደል_ቆጣሪ፦

በትክክል። ግሪክኛም በዚያው መንገድ አልፏል። ካሊፎርኒያ ኧርቫይን ላይ በ1972 የተመሠረተው ቲኤልጂ የሚባል የግሪክኛ ጽሑፎች ዲጂታል ስብስብ ሥራ ሲጀምር ዩኒኮድ አልነበረም። ዴቪድ ፓካርድ የሚባል ምሁር ቤታ ኮድ የሚባል ዘዴ ፈጠረ፤ ግሪክኛው በላቲን ፊደልና በተራ ምልክቶች ይጻፋል፣ ለእያንዳንዱ ጭረት አንድ ምልክት። ዓይን አይስብም፤ ግን ምንም ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጥ ቻለ። በየግል ፎንቱ የጻፉት ሰዎች ፋይል ግን ፎንት በፎንት እየተፈታ ነው የሚለወጠው። የጥንቱ ግሪክኛ ፊደል ከነጭረቱ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1993 ነው፤ የኛ ፊደል በ1999። ዛሬ ማንም አዲስ ፕሮጀክት ከዩኒኮድ ውጭ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ፎንት ከፈለግህ ጀንቲየም ነፃ ነው፤ የግሪክ ፎንት ማኅበር ያወጣቸውም አሉ።

ዙላ_ወደብ፦

በጣም ጠቃሚ ነው፤ አመሰግናለሁ እህቴ። ሦስቱን ብራናዎች ማነጻጸሩስ? ኮላቴክስ የሚባል የማነጻጸሪያ ፕሮግራም አገኘሁ። ሞከርኩት፤ የሚያወጣው ልዩነት ብዛቱ ለጉድ ነው፤ አብዛኛው የፊደል አጻጻፍ ነው።

የግዕዝ_ደቀመዝሙር፦

ይህንን እኛም በግዕዝ እናውቀዋለን። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ። ሁለት ብራና ብታነጻጽር ልዩነቱ ገጹን ይሞላል፤ ትርጉም የሚለውጠው ግን ጥቂቱ ነው። ግሪኮቹም ድምፆቻቸው እየተዋሃዱ ሲሄዱ ኢዮታ፣ ኤታና ኤፕሲሎን-ኢዮታ ሁሉም "ኢ" ተብለው ተነበቡ። ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል።

ኮላቴክስ ለዚህ መፍትሔ አለው። ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ዋጋ መስጠት ትችላለህ፤ አንዱ ብራናው ላይ ያለው፣ ሌላው ለማነጻጸሪያ የተስተካከለው። የሚያነጻጽረው በሁለተኛው ነው፤ የሚያሳይህ የመጀመሪያውን ነው። ብራናው ላይ ያለው አይጠፋም።

እትዬ_ብራና፦

ጥሩ ብለሃል። ማስተካከያውን ስትጽፉ ግን እጃችሁ ይክበድ። አንዳንዴ ያቺ አንድ አናባቢ ትርጉሙን ሁሉ ይዛለች። ሮሜ 5፥1ን እዩ። "ሰላም አለን" ነው ወይስ "ሰላም እንያዝ"? በግሪክኛው ልዩነቱ ኦሚክሮንና ኦሜጋ ብቻ ነው፤ በኋላ ዘመን ሁለቱም እኩል ነው የሚነበቡት። ኮዴክስ ሲናይቲኩስ በሚባለው የጥንት የመጽሐፍ ቅዱስ ብራና ላይ መጀመሪያ የጻፈው እጅ "እንያዝ" ብሎ ነው የጻፈው፤ በኋላ አራሚ "አለን" ብሎ አቀናው። አንድ ብራና፣ ሁለት ንባብ። ሶፍትዌርህ "ኦሜጋን ወደ ኦሚክሮን ለውጥ" የሚል ደንብ ካለው ይህ ልዩነት ከዓይንህ ይሰወራል፤ መሰወሩንም አታውቅም።

"እኛ" እና "እናንተ" በግሪክኛ እንደዚሁ ናቸው፤ በ1 ዮሐንስ 1፥4 ብራናዎቹ "ደስታችን" እና "ደስታችሁ" እያሉ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ደንቦቹ በተለየ ፋይል ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ደንብ ከነምክንያቱ። ማሽኑ የጣላቸው ልዩነቶችም በዝርዝር ይቀመጡ፤ ግሪክኛ አዋቂ ሰው አንድ በአንድ ያያቸዋል። ጽሑፋችሁ ትንሽ መሆኑ እዚህ ይጠቅማችኋል። በተለይ የቦታ ስሞቹን ለማሽን አትተዉ። የቁስጥንጥንያ ወይም የሲና ጸሐፊ አጋሜን ከየት ያውቃታል? ቃሉን የት እንደሚቆርጥ እንኳ ይቸገራል። የቫቲካኑ ብራና በትልልቅ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ቃላቱን ለያይቶ የሚያስቀምጠው አዘጋጁ ነው። ያም ውሳኔ ነው፤ ይመዝገብ።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። አጠቃቀስ። አንባቢው ከእትማችሁ አንድ ቦታ መጥቀስ ቢፈልግ ሊንኩ ምን ይመስላል? የገጽ ቁጥር የላችሁም።

እትዬ_ብራና፦

ይህ ብዙዎች መጨረሻ ላይ የሚያስቡት፣ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ነው። የጥንት ጽሑፍ ሰው የሚጠቅሰው በድሮ ቁጥር ነው። አፍላጦንን ዛሬም በ1578 ጄኔቫ ላይ በታተመው የስቴፋኑስ ገጽ ነው የምንጠቅሰው፤ አርስጣጣሊስን በ1831 በበርሊኑ የቤከር ገጽ። እነዚህ ገጾች ዓረፍተ ነገር መሀል ነው የሚያልቁት፤ አንዳንዴም ቃል መሀል። ኤክስኤምኤል ደግሞ ሳጥን በሳጥን ውስጥ እንጂ የተጠላለፈ ሳጥን አይቀበልም። ለዚህ ነው የገጽ መጀመሪያ ሳጥን ሳይሆን ባዶ ምልክት የሚሆነው፤ "እዚህ ጋ ይጀምራል" ብሎ የሚቆም።

የናንተም እንዲሁ ነው። ኮስማስ በሚኜ የግሪክ አባቶች ስብስብ 88ኛ ቅጽ አለ፣ በ1909 የዊንስቴት እትም አለ፣ ከ1968 እስከ 1973 በወጣው በወልስካ-ኮኑስ የፈረንሳይ እትም አለ። ሁለቱ የድንጋይ ጽሑፎች ደግሞ በዲተንበርገር ስብስብ 54 እና 199 ቁጥር አላቸው። ሁሉንም አስገቡ። ከላይ የራሳችሁን ቋሚ መለያ ሲቲኤስ በሚባለው የጥንት ጽሑፎች መጥቀሻ ሥርዓት ስጡ። ሆሜር እዚያ 0012 ነው፣ ኢሊያድ 001፤ ከዚያ መጽሐፍና መስመር። ድረ ገጹ ቢቀየርም መለያው አይቀየርም። ለቦታዎቹ ፕሌያዴስ የሚባለው የጥንት ቦታዎች መዝገብ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቷል፤ አዱሊስም አለች።

ፊደል_ቆጣሪ፦

መብቱንም አትርሱ። የ1909ኙ እትም አሜሪካ ውስጥ ከመብት ነፃ ነው። የፈረንሳዩ ግን ከፈቃድ ውጭ አይገለበጥም። በጀርመን ሕግ ለምሁራዊ እትም የ25 ዓመት ጥበቃ አለ። ከሁሉም የሚሻለው ከብራናዎቹ ፎቶ ራሳችሁ ብትገለብጡ ነው። ለሕዝብ ስትለቁትም ፈቃዱን ፋይሉ ውስጥ ጻፉት፤ ፈቃድ የሌለው ፋይል ማንም ደፍሮ አይጠቀምበትም።

የግዕዝ_ደቀመዝሙር፦

የግዕዝ ብራናዎችን በቲኢአይ የሚመዘግብ ሥራ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ አለ፤ ስሙም ቤተ መጻሕፍት ነው። ፋይሎቹ ክፍት ናቸው። ሰው፣ ቦታና ብራና እንዴት እንደሚያገናኙ ብታይ ትጠቀማለህ። የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ በግሪክኛም በግዕዝም ስለሆነ፣ ይህ ሥራችሁ ነገ ለዚያ መንገድ ይጠርጋል። ግሪክኛውንና ግዕዙን ጎን ለጎን፣ ሐረግ በሐረግ አገናኝቶ የሚያሳይ ነገር በአማርኛ ማብራሪያ ቢወጣ እኔ ከሁሉ በፊት እከፍተዋለሁ።

ዙላ_ወደብ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ወስኛለሁ።

ጊት በሚባለው የፋይል ለውጥ መመዝገቢያ ውስጥ ሁለት ዋና ፋይል፦ "ኮስማስ" እና "ድንጋዮቹ"። ሁለተኛው ውስጥ ሐውልቱና ዙፋኑ ለየብቻ ይቆማሉ። የማስተካከያ ደንቦች በሌላ ፋይል። የቃላት ማውጫው በስክሪፕት ይወጣል፤ በእጅ አይነካም። ገጹን በተመለከተ ሪአክቱን ትቼዋለሁ። ሲቴሺያን የሚባል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አለ፤ የቲኢአይ ፋይሉን ብራውዘሩ ራሱ እንዲያሳየው ያደርጋል። ሰርቨር አያስፈልግም፤ ተራ ፋይሎች ናቸው። እያንዳንዱን እትም ዜኖዶ በሚባለው የምርምር ማኅደር ላይ በቋሚ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንባቢው ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የኮስማስን ንባብ ይሆናል፤ ሳይቋረጥ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሲጫን ጽሑፉ "ሜት ሃ" ላይ ለሁለት ይለያል፤ ከላይ በጥሊሞስ፣ ከታች ስሙ የጠፋው የአክሱም ንጉሥ። ለምን እንደተለያዩ ማብራሪያው አጠገቡ ይወጣል።

አንድ የቀረኝ፦ ግሪክኛ የሚያስገቡት ወዳጆቼ ጊት አያውቁም። በየቀኑ የሚልኩልኝን ማን ያጣራል?

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ማሽን ያጣራ። ፋይል በገባ ቁጥር ጊትሀብ ላይ ፍተሻው በራሱ ይሂድ፤ በቲኢአይ ሕግ ትክክል መሆኑ፣ እያንዳንዱ ንባብ ከሦስቱ ብራናዎች የአንዱ ስም እንዳለው። ካለፈ ይገባል፤ ካላለፈ መስመሩን ጠቅሶ ይመልሰዋል። ዳታቤዝ ማዘጋጀቱን ለኔ ተውልኝ፤ ከፋይሎቹ የሚወጣ የፍለጋ ማውጫ ልሠራልህ እችላለሁ።

ፊደል_ቆጣሪ፦

የፊደሉን ፍተሻ እኔ እጽፈዋለሁ። ኤንኤፍሲ ያልሆነ ፊደል ካገኘ ያቆማል፤ ከተስማማችሁበት ውጭ የሆነ የመዋጫ ጭረት ካገኘ ያቆማል፤ ግሪክኛ ቃል ውስጥ የላቲን "ኦ" ከተሸጎጠም ያቆማል፤ ይህ ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል። የስህተት መልእክቱን በአማርኛ አደርገዋለሁ፤ ወዳጆችህ እንዲገባቸው። የፋይሎቹን ናሙና ላክልኝ።

እትዬ_ብራና፦

ናሙናውን ለኔም ላክልኝ። የዙፋኑን መጨረሻ ጨምር፤ ንጉሡ በነገሠ በ27ኛው ዓመት ዙፋኑን ለአሬስ ያቆመበትን። እዚያ ላይ አፓራተሱን እንዴት እንዳስገባችሁት ማየት እፈልጋለሁ።